የገዛነውን መሣሪያ መክፈት፤ መብቱና ኃላፊነቱ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ቢሾፍቱ

አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ ዋጋውን አጠናቆ ከከፈለ በኋላ የዕቃው ጌታ ማን ነው? ገዢው ነው ወይስ ሠሪው? ስለ በሬ፣ ስለ ማረሻ ወይም ስለ ቤት የተጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ ቀላል ነው። በሬ የገዛ ሰው ጠምዶ ያርስበታል፤ ማረሻው የደነዘበት ሰው ያስለዋል፤ ቤት የገዛም ሰው መስኮት ቢያስፈልገው ግድግዳውን ያስከፍታል። ሻጩ ተመልሶ መጥቶ «ይህን አታድርግ» ሊለው አይችልም። ነገሩ ወደ ላፕቶፕ ሲመጣ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። ገዝተን በያዝነው መሣሪያ ውስጥ ሠሪው የቆለፋቸው አያሌ በሮች አሉ፤ ቁልፉም በእጃችን የለም።

በትምህርት ቤታችን በዕረፍት ሰዓት ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን የላፕቶፕን ስውር ማስተካከያ ከፍቶ ጉልበቱን መጨመር ትልቅ ዕውቀት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ንብረት ማበላሸት ነው ብለው ይነቅፉታል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በግማሽ ብቻ ተመልክተውታል ብዬ አምናለሁ። ሐሳቤም ይህ ነው፤ የራስን መሣሪያ መክፈት መብት ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት፣ ጥንቃቄና ሐቀኝነት የሌለው ሰው በዚህ መብት ቢሠራበት ራሱንም ወላጆቹንም ይጎዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ነገሩን ከመከልከል ይልቅ ቢያስተምረው ይሻላል።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለወላጆቻችን ላስረዳ። የላፕቶፕ ማስነሻ ቁልፍ ሲጫን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ አይደለም። ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም አለ። ስሙ ባዮስ ይባላል፤ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ዩኢኤፍአይ ተብሏል። ይህ ፕሮግራም በመጀመሪያ ራሙን፣ የፊደል ገበታውንና ዲስኩን ይመረምራል፤ ሁሉም ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዲወስድና ማራገቢያው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንዲፈጥን የሚወስኑት ትእዛዞች ከሞላ ጎደል የሚነሡት ከዚሁ ነው።

ከእነዚህ ማስተካከያዎች ብዙዎቹ ከቺፑ ውስጥ አልጠፉም፤ ሠሪው ለተጠቃሚው እንዳይታዩ ብቻ ሸሽጓቸዋል። በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ቺፑን በትንሽ ማንበቢያ መሣሪያ ያነብባል፤ የተነበበውን ግልባጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል፤ ከዚያም የተሰወረውን ገልጦ መልሶ ይጽፈዋል። ክርክሩ ሁሉ ስለዚህ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን፣ ይልቁንም ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ልጆች፣ እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም.፣ ይኸውም በ2012 እ.ኤ.አ.፣ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኢትዮጵያ ገጠር በሁለት ቦታዎች አንድ ሙከራ አደረገ። አንደኛው ቦታ በከፍተኛው በወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ በወለንጪቲ አካባቢ ነበር። በእያንዳንዱ ቦታ ለሃያ ያህል ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ተሰጣቸው። ድርጅቱ እንደ ገለጸው ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፤ ማንበብም አልተማሩም ነበር። ታብሌቶቹ በታሸገ ሳጥን ቀረቡላቸው እንጂ አጠቃቀሙን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። አዋቂዎቹ ግን በፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙላትን ተምረው ነበር። በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይለውጥ ነበር፤ ልጆቹ በታብሌቱ የሠሩት ሥራ በካርዶቹ ላይ ተመዝግቦ ይገኝ ነበርና።

የድርጅቱ መሥራች ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር በአሜሪካ በተደረገ ጉባኤ ላይ ስለ ሙከራው ተናገሩ። ከልጆቹ አንዱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ታብሌቱን እንዳስነሣው፣ በአምስት ወር ውስጥም ልጆቹ የአንድሮይድን ሥርዓት ሰብረው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ለመክፈት እንደ በቁ አስረዱ። የድርጅቱ የቴክኒክ ኃላፊ ኤድ ማክኒየርኒም የታብሌቱ ገጽ እንዳይለወጥ የሚከለክል ፕሮግራም ተጭኖ ሳለ ልጆቹ መከልከያውን አልፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ገጽ እንዳዘጋጁ ገለጹ። ይህንንም እንደ ጥፋት አልቆጠሩትም፤ ለትምህርት አስፈላጊ የሆነ የመመራመር መንፈስ ነው ብለው አደነቁት እንጂ።

«ሰበሩ» የሚለው ቃል ለነገሩ ይበዛበታል የሚሉ ሰዎች አሉ። ቃሉ ይብዛም ይነስ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት የተዘጋባቸውን ነገር ፈልገው መክፈታቸው የሚናቅ ሥራ አይደለም። ያን ጊዜ የአንደኛ ክፍል ዕድሜ የነበራቸው እነዚያ ልጆች ዛሬ የእኛ እኩዮች ወይም ከእኛ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ከእነርሱም ሁለት ነገር ልንማር እንችላለን ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ የከፈቱት ለራሳቸው የተሰጠውን እንጂ የሌላውን ሰው ዕቃ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሥራው በአንድ ሌሊት አልተፈጸመም፤ አምስት ወር ነክተው፣ ተሳስተው፣ እርስ በርስ ተነጋግረው ነው የደረሱበት።

የውጭ ሰው የሠራውን መሣሪያ ለራስ ጉዳይ እንዲሆን አድርጎ መለወጥ ከዚያም በፊት በአገራችን የነበረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲሆን አድርገው በማሻሻላቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። የእኛ ፊደል በቁጥር የበዛ ስለሆነ መኪናው እንደ ተሠራ አይበቃም ነበር። በኋላም ኮምፒዩተር ሲመጣ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒዩተር ለመጻፍ የፈለጉ ኢትዮጵያውያን በላቲን ፊደሎች ቦታ የእኛን ፊደል እያስገቡ የየራሳቸውን ዘዴ ይሠሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁሉ «ሠሪው ያልፈቀደውን አንነካም» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ሥራችን ስንት ዓመት በዘገየ ነበር!

እንግዲህ ሠሪዎቹ ስለምን ይቆልፋሉ? ለዚህ ጥያቄ በጭፍን መልስ መስጠት አይገባም። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ነውና።

አንደኛው ዓይነት ለደኅንነት ሲባል የሚደረግ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር ወር ላይ የበርሚንግሃም፣ የግራትስና የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት ብለው የሰየሙትን አንድ ድካም ለዓለም ገለጹ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ቮልቴጅ በፕሮግራም አማካይነት ዝቅ ሲደረግ ፕሮሰሰሩ ስሌቱን እንዲሳሳትና በውስጡ የተጠበቀው ምስጢር እንዲወጣ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴልም ማረሚያ አወጣ፤ ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሠሪዎች ቮልቴጅ የሚቀነስበትን በር በባዮስ ዘጉት። ይህ መዝጋት ምክንያት ነበረው። ሆኖም ጥቃቱን ለመፈጸም የመሣሪያው ሙሉ ሥልጣን አስቀድሞ በአጥቂው እጅ መግባት ስላለበት፣ ለአንድ ተራ ተማሪ የነበረው አደጋ ትንሽ ነበር። ቮልቴጁን ቀንሶ ላፕቶፑን ያቀዘቅዝ የነበረው ተጠቃሚ ግን ጥቅሙን አጣ።

ሁለተኛው ዓይነት ለተጠቃሚው የማይጠቅም መቆለፍ ነው። ለብዙ ዓመታት በተሠሩ አያሌ የቲንክፓድ ሞዴሎች ባዮሱ በስም ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ የዋይፋይ ካርድ የተሰካበት እንደ ሆነ አልነሣም ይል ነበር። ካርዱ ደኅና ነው፤ ማስገቢያውም ልክ ነው፤ ነገር ግን ስሙ አልተጻፈም። ሠሪዎች በዚህ ረገድ የራዲዮ ፈቃድን ሕግ በምክንያትነት ያነሣሉ። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ እያደሰ ለሚኖር ድኻ አገር ይህን የመሰለው መቆለፊያ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

መቆለፊያው ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ መለየት የሚችለው የተማረ ሰው ብቻ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። ይህን ትምህርት የሚንቅ ሰው ቢኖር አንድ ነገር ላስታውሰው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሮን ሚኒክ የተባሉ ባለሙያ በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሊኑክስባዮስ የተባለ፣ ማንም ሰው ሊያነብበውና ሊያሻሽለው የሚችል ባዮስ መሥራት ጀመሩ። ይህ ሥራ በኋላ ኮርቡት ተብሎ ተሰይሞ ዛሬ ክሮምቡክ በሚባሉት ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ባዮስን መመርመር የሥራ ፈቶች ጨዋታ ሳይሆን የታወቀ ሙያ ነው።

አሁን ደግሞ ፍጥነት ስለ መጨመር ለሚመኙት ጓደኞቼ እናገራለሁ። በፕሮሰሰር ውስጥ በሥራ ጊዜ የሚጠፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ብናሳድግ 1.1 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 1.331 ይሆናል፤ ማለትም ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት እንከፍላለን። በተቃራኒው ፍጥነቱን ሳንነካ ቮልቴጁን ብቻ በ10 በመቶ ብንቀንስ 0.9 በ0.9 ተባዝቶ 0.81 ይሆናል፤ ከዚያ ኃይል 19 በመቶው ይድናል። ከመጠን በላይ የተቀነሰ እንደ ሆነ ግን መሣሪያው በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚህ የምንረዳው መክፈት ማለት ሁልጊዜ መጨመር ማለት አለመሆኑን ነው። ብዙውን ጊዜ ብልኅነቱ ያለው በመቀነስ ላይ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ከተማችን ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አንድ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። የበጋውም አቧራ የላፕቶፑን መተንፈሻ ይደፍነዋል። እንግዲህ መተንፈሻው በተደፈነ ላፕቶፕ ላይ ጉልበት መጨመር የታመመ በቅሎ ላይ ጭነት እንደ መጨመር ነው።

በእጃችን ያሉት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሌላ ሰው ተገልግሎባቸው የመጡ ናቸው። የዘገዩበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ የተሸሸገ ማስተካከያ አይደለም። የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ፣ ያነሰ ራም፣ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ፣ ወይም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት መድረቅ ነው። ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ፣ ራም መጨመር፣ አቧራውን መጥረግና ቅባቱን ማደስ ባዮሱን ሳንነካ ብዙ ጥቅም ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ወደ ቺፑ መሮጥ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ባዮስን መጻፍ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ጽሑፉ በመካከል ቢቋረጥ ወይም ቢሳሳት ላፕቶፑ አይነሣም፤ እንደ ጡብ ሆኖ ይቀራል። ቺፖች ሁሉ ቮልቴጃቸው አንድ አይደለም፤ ለ1.8 ቮልት የተሠራውን ቺፕ ከ3.3 ቮልት ጋር ያገናኘ ሰው ሊያቃጥለው ይችላል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖችም ቡት ጋርድ የተባለ ጠባቂ ስላለ፣ የሠሪው ፊርማ የሌለበት ባዮስ የተጻፈበት መሣሪያ ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው የሚጫወተው በወላጆቹ ገንዘብ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ስጋታችሁ እውነተኛ መሆኑን እኛም እናውቃለን። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ድካም ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው ላፕቶፕ መለማመጃችን ጭምር ሆኗል። ስለዚህ ፈተና በቀረበበት ወራት ቺፕ የሚነካ ተማሪ ካለ ብትቆጡት አግባብ ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ጠመንጃ መፍቻ፣ ማለቴ የብሎን መፍቻ፣ ይዞ የላፕቶፑን ክዳን ቢከፍት ወዲያውኑ «አበላሸኸው» አትበሉት። በምን ምክንያት እንደሚከፍትና መልሶ እንዴት እንደሚገጥም ጠይቁት። በሚገባ ከመለሰላችሁ እየተማረ ነው፤ መልስ ካጣ ክዳኑን ይዝጋው።

ስለ ሐቀኝነትም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የባዮስን ምስጢር ቃል ማስወገድ የሚችል እጅ የተሰረቀ ላፕቶፕንም መክፈት ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደው ውጭ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል። በራሱ ላፕቶፕና በሰው ላፕቶፕ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የትምህርት ቤቱም ኮምፒዩተር የሁላችንም እንጂ የአንዳችን አይደለም፤ የአንዱ ተማሪ ምኞት የሃምሳ ተማሪዎችን ትምህርት ሊያስቀር አይገባም። ባለቤቱ ያልታወቀ መሣሪያ ሲመጣልን ሙያችንን ለማሳየት ብለን እጃችንን ብንዘረጋ የሌባ ረዳት እንሆናለን።

በመጨረሻም መምህራኖቻችንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። አገልግሎታቸውን የጨረሱ ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ለኮምፒዩተር ክበባችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይፈቀዱልን። ደንቡም የጠበቀ ይሁን። ማንም ሰው የራሱን ወይም የተፈቀደለትን መሣሪያ ብቻ ይንካ። ከመክፈቱ በፊት ባትሪውንና ቻርጀሩን ይንቀል። ቺፑን ከመጻፉ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ግልባጮች አንድ መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ ግልባጩንም በሌላ ቦታ ያኑር። ሙቀቱንና ፍጥነቱን ከሥራው በፊትና በኋላ ለክቶ በደብተር ይመዝግብ። ያልተለካ «ፈጠነልኝ» በክበባችን ተቀባይነት አይኑረው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ቢሞት የሚያለቅስ ወላጅ አይኖርም፤ ተማሪው ግን ምን እንደ ገደለው ያውቃል። ጎዳና ላይ በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ተደብቆ ከመማር፣ ወይም በቤት ውስጥ በሌሊት ብቻውን ከመሞከር ይልቅ በመምህር ፊት መሞከር የተሻለ አይደለምን? በከተማችን ስም የሚጠራው የቢሾፍቱ አውቶቡስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲመላለስ ያላየ የለም። ከውጭ የመጡትን ክፍሎች የገጣጠሙት እጆች መፍታትንና መግጠምን አንድ ቦታ ተምረዋል። እኛም የምንማርበት አንድ ጠረጴዛ ይኑረን።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ክበቡ ቢፈቀድልን በመጀመሪያው ቀን ባዮስ እንከፍታለን ብላችሁ አትምጡ። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን አቧራ መጥረግ ነው። በዚህ የማያፍር ሁሉ ስሙን ያስመዝግብ።